እስከ መርዶው ቀን የጸና ፈቃድ

ጉዲቱ ከሻሸመኔ ናዝሬት የመጣችው ለሃያ አንድ ቀን ነበር። ወረቀቱ እንዲያ ይላል። ዘመኑ ሰው ከከተማ ከተማ በይለፍ ወረቀት የሚሄድበት፣ ዘመድ ቤት ያደረ እንግዳ ሁሉ በነጋታው ቀበሌ ቀርቦ የሚመዘገብበት ዘመን ነው። የሻሸመኔ ቀበሌዋ ጸሐፊ በሰማያዊ ቀለም «ለዕረፍትና ለሶደሬ ፍል ውሃ ሕክምና» ብሎ ጻፈላትና ክብ ማኅተሙን አሳረፈበት። ታላቅ ወንድሟ ገመዳ ወረቀቱን አንብቦ ሳቀ። «ዕረፍት? ከምን ነው የምታርፊው?» አላት። ይህን ሲላት እሷ የአርባ ሾፌር ሳህን እያጠበች ነበር።

ገመዳ ሻሸመኔ መገንጠያው ላይ ምግብ ቤት አለው። ከሞያሌ የሚመጣውም፣ ወደ ሶዶ የሚወርደውም፣ ወደ ጎባ የሚወጣውም የጭነት መኪና እዚያ ይቆማል። ገመዳ ሾፌሮቹ የሚቆሙት ለእሱ ጨዋታ ይመስለዋል፤ እነሱ ግን ለጉዲቱ ጥብስ ነው የሚቆሙት። ከባሏ ተፋትታ ወንድሟ ቤት ከገባች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከንጋት እስከ ምሽት ምድጃ ሥር ናት። ደመወዝ የሚባል ነገር ሲነሳ ገመዳ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ቤተሰብ እኮ ነሽ!» ይላታል፤ በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ገና ድሮ ጥላው ትሄድ ነበር። ችግሩ ራሱን እንደ ደግ ሰው የሚቆጥር መሆኑ ነው።

ፍል ውሃ የታዘዘላት ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ነው። ናዝሬት የአባቷ እኅት ወርቄ ነበሩላት፤ አዳዳ ወርቄ ትላቸዋለች። እሳቸው ቤት አርፋ ሰባት ቀን ሶደሬ ተመላለሰችና በስምንተኛው ቀን ጉልበቷ ተፈታ። የቀረውን ሁለት ሳምንት ምን ታድርገው? ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስለማታውቅ እጆቿ የሚገቡበት ጠፋቸው። በዘጠነኛው ቀን ከገበያ ስትመለስ የቶይባ ልብስ ስፌት ቤት በር ላይ ቆመች። ቶይባ ሁለት የስፌት መኪና ነበራት፤ አንዱ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ጉዲቱ ልጅ ሳለች ኩየራ ሚሲዮን አራት ዓመት ስትማር ስፌት እዚያ ለምዳለች። «እስቲ ልሞክረው» ብላ ተቀመጠች። የተቀመጠችው ሐምሌ 1973 ነው፤ ከዚያ ወንበር ላይ በደንብ የተነሳችበትን ቀን ቶይባ አታስታውስም።

መጀመሪያ የሰፋችው የተማሪ ዩኒፎርም ነበር። ሲያልቅ ቶይባ ገልብጣ ስፌቱን አየችና ለባለቤቶቹ «ይህን የሰፋችው ጉዲቱ ናት» አለቻቸው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ግን ጉዲቱ አሥራ አራት ዓመት ስትጠብስ «የገመዳ ጥብስ» ሲባል ነው የሰማችው። ያን ቀን ማታ አክስቷን «አዳዳ፣ እኔ ሻሸመኔ አልመለስም» አለቻቸው። አዳዳ ወርቄ ወረቀቱን አንስተው ቀኑን በጣታቸው ቆጠሩ። የቀረው አሥራ ሁለት ነበር።

ጨዋታው የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ቀበሌ ደንብ አንድ ዓመት ሳያቋርጥ በእንግድነት የተመዘገበ ሰው የነዋሪ መታወቂያ መጠየቅ ይችላል። መታወቂያ ያለው ደግሞ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ይገባል፣ ቤት ይከራያል፣ ሰው ይሆናል። ፈቃዱ አንድ ቀን ከተቋረጠ ግን እንግዳው ይለፍ ተጽፎለት ወደመጣበት ይሸኛል። እንግዲህ ጉዲቱ በሰው አገር አንድ ዓመት መክረም አለባት፤ ለመክረም ደግሞ በየጊዜው ምክንያት ያስፈልጋል። ማራዘሚያውን የሚፈርመው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገሠሠ ነው፤ ሽጉጥ የታጠቀ ሆደ ባሻ። ሲቆጣ ጠረጴዛ ይደበድባል፤ የሰው ችግር ሲሰማ ደግሞ መሐረብ ያወጣል። ጉዲቱ በሦስተኛው ጉብኝቷ ሰውየውን አጥንታ ጨርሳለች።

መጀመሪያ ያራዘመችው በፍል ውሃው ነው። «ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ሰባት ጀምሬ ባቋርጠው ሕመሙ ወደ ወገብ ይወጣል አሉኝ» አለችው። ሦስት ሰባት ተፈቀደላት፣ ቀጥሎ ሌላ ሦስት። ከዚያ መስከረም ሁለት የአብዮቱ በዓል መጣ፤ የሴቶች ማኅበር መዘምራን ውስጥ ገባች። ድምፅዋ ለመዝሙር የሚሆን አልነበረም። መሃል ቆማ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። ቢሆንም መዘምር ነችና እስከ በዓሉ ማግስት ተራዘመላት።

ከበዓሉ በኋላ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ፤ ማንበብ የማይችል ነዋሪም ሆነ እንግዳ ትምህርቱን ሳይጨርስ ከቀበሌው እንዳይወጣ ተባለ። ይህን ስትሰማ ጉዲቱ መቀሷን አስቀምጣ ሮጠች። ኩየራ አራት ዓመት የተማረችው ሴት ከሽማግሌዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድራ፣ አስተማሪዋ እጇን ይዛ «ሀ» ስታስጽፋት ምላሷን አውጥታ ላብ በላብ ሆነች። በፈተናው ቀን ስሟን እንድትጽፍ ስትጠየቅ ሁለት ፊደል ገድፋ ወደቀች። ለሁለተኛ ዙር ተመዘገበች። በሁለተኛውም ልትወድቅ አስባ ነበር፤ አስተማሪዋ ግን «ይህች ምስኪን እንዲህ ደክማ!» ብላ አዝና በጉርሻ ነጥብ አሳለፈቻት። ጉዲቱ የምስክር ወረቀቱን ስትቀበል ሰዉ ያጨበጭባል፤ እሷ በንዴት ታለቅሳለች፤ ጓድ ገሠሠ ደግሞ ደስታ ያስለቀሳት መስሎት መሐረቡን አውጥቷል።

ግንቦት ላይ ምክንያት አለቀ። ጓድ ገሠሠ በወረቀቷ ጀርባ በቀይ ቀለም «ከእንግዲህ አይራዘምም» ብሎ ጻፈ፤ ሰባት ቀንም ሰጣት። ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ወር ይቀረው ነበር።

አዳዳ ወርቄ እጇን ይዘው ጋሽ ብዙነህ ዘንድ ወሰዷት። ጋሽ ብዙነህ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ከቀበሌው በር ማዶ ጥላቸውን ዘርግተው፣ የጠርሙስ ቀለማቸውን ይዘው ለሰው ማመልከቻ ይጽፋሉ። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ማመልከቻውን የምታቀርበው እሷ አይደለችም» አሉ። «እርስዎ ነዎት ወይዘሮ ወርቄ፣ አስተናጋጇ። እሷ ስለ ጉዳዩ ምንም አታውቅም።»

«እንዴት አላውቅም?» አለች ጉዲቱ።

«እንድታውቂ ስላልተፈለገ ነዋ።» ብዕራቸውን ነክረው ጻፉ፤ ጽፈውም አነበቡ። «ስሟ ከላይ የተጠቀሰው እንግዳዬ፣ ሻሸመኔ ነዋሪ የነበሩት ብቸኛ አሳዳሪዋና ወንድሟ አቶ ገመዳ ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩባት ሲሆን፣ ልበ ደካማ በመሆኗ መርዶው በዘዴ እስኪነገራት ድረስ ባለችበት እንድትቆይ፣ ይህም ማመልከቻ ከእሷ ተሰውሮ እንዲያዝልኝ…»

አዳዳ ወርቄ ትፍ ትፍ አሉ። «በቁሙ ያለውን ሰው!»

«በወረቀት እኮ ነው የሞተው። እኔ በወረቀት ያልገደልኩት ሰው አለ? ሁሉም ደኅና ነው፣ አንዳንዱ እንዲያውም ወፍሯል።» ወረቀቱን አጠፉ። «ውበቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ገብቷችኋል? ማንም አይጠይቃትም። ስለማታውቀው ነገር ማን ይጠይቃታል?»

ጉዲቱ ሳቋ አመለጣት። አክስቷ በክርናቸው ጎሸሟት። ለጋሽ ብዙነህ በሳምንቱ ሱሪ ሰፋችላቸው።

ጓድ ገሠሠ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበበው አሉ። ከዚያም በቀዩ ቀለም ላይ በሰማያዊ ሰርዞ «መርዶው እስኪነገራት ድረስ ተራዝሟል» ብሎ ፈረመ። ምስጢሩን ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱ ብቻ ነው የነገራት። ሚስቱም ለማንም አልተናገረችም፤ ለእኅቷ ብቻ። በሦስተኛው ቀን ከጉዲቱ በቀር የማያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ የጉዲቱ ኑሮ ተለወጠ። ቀበሌ ሱቅ ለስኳር ስትሰለፍ ፊት ያሉት እየዞሩ አይተዋት «እለፊ፣ እለፊ እናቴ» ይሏታል። ሥጋ ቤት የተሻለው ብልት ይደርሳታል። ገና ከሩቅ ስትታይ የሴቶቹ ወሬ ይቋረጣል፤ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። ጋሪ ነጂው እንኳ ፈረሱን ሳይገርፍ በቀስታ ይነዳላታል። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ በቶይባ ቀልድ ከት ብላ ስትስቅ በር ላይ የነበሩት ደንበኛ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተንሰቀሰቁ። ወንድሟ መሬት ገብቶ እሷ እንዲህ ስትስቅ ማየት አልቻሉም።

ይህም ባልከፋ ነበር። ግን ጎረቤቶቿ ለመርዶው ሊያለሳልሷት ስለ ገመዳ ይጠይቋት ጀመር። «ወንድምሽ ደኅና ነው? ይጽፍልሻል?» ይሏታል በተሰበረ ድምፅ። በመጀመሪያ «ደኅና ነው» ብላ ታልፍ ነበር። እያደር ምላሷ ተፈታ። ናዝሬት የላካት እሱ ነው አለች። «አሥራ አራት ዓመት ደክመሻል፣ ከእንግዲህ ለራስሽ ኑሪ» ብሏት ነው አለች። እሷ ሳትቀርብ ማዕድ አይቀርብም፤ ዓመት በዓል ሲሆን ከምድጃው አስነስቷት ራሱ ይሠራል፤ ጉልበቷን ሲያማት እሱ ነው ውሃ አሙቆ የሚያሻት። ሰዉ ይህን ሲሰማ ዕንባውን መቆጣጠር ያቅተዋል። ለጉዲቱ መጀመሪያ ላይ ተንኮል ነበር። ኋላ ግን ማውራቱ ደስ ይላት ጀመር፤ እንዲያ ያለ ወንድም ቢኖራት እንዴት ጥሩ ነበር። አንዳንዴ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ስለዚያ ሰውዬ ታስብና ይናፍቃታል። ይህንን ግን ለአዳዳ ወርቄም አልነገረቻቸውም።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ተክለሃይማኖት ናቸው ነገሩን ያከረሩት። እሳቸው ሰው መርዶው ሳይነገረው ሲከርም ኃጢአቱ በዕድሩ ላይ ነው ብለው የሚያምኑ ሽማግሌ ናቸው። አዳዳ ወርቄን በየቀኑ «መቼ ነው?» ይሏቸዋል። አዳዳም «ዛሬ ልቧን አሟታል»፣ «ትናንት ክፉ ሕልም አይታ ነው ያደረች»፣ «ከጥርስ ሕመሟ ትዳን» እያሉ ይከላከላሉ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ። ይህን የምታውቀው ጉዲቱ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ዘላ ትወጣና ቶይባ በር ላይ ቁጭ ብላ ፀሐይ እስክትወጣ ትጠብቃለች። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ሲመጡ አልጋዋ ባዶ ነው። ሦስት ጊዜ መጡ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሱ። «ልቧ እየነገራት ነው የምትሸሸው» እየተባለ ይበልጥ ታዘነላት።

ጉዲቱን ያስፈራት መርዶው ራሱ አይደለም፤ ከመርዶው በኋላ የሚመጣው ነው። አቶ ተክለሃይማኖት ሐዘንተኛ ብቻውን ወደ ለቅሶ ቤት አይሄድም ብለው አውቶቡስ አነጋግረዋል። ዕድርተኛው በሙሉ፣ ስልሳ ሰው፣ ጓድ ገሠሠም ይለፉን ራሱ ፈርሞ፣ ሻሸመኔ ድረስ ሊያደርሷት ተሰናድተዋል። ስልሳ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ከአውቶቡስ ሲወርድ፣ ሟቹ በር ላይ ቆሞ ሾፌሮች ሲያስተናግድ! ጉዲቱ ይህን ስታስበው አንዴ ሳቅ፣ አንዴ ብርድ ብርድ ይላታል። መንግሥትን በወረቀት ያታለለ ሰው በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይጠብቀውም። እሷ ብትታሰር ትታሰር፤ የሰባ ዓመቷ አዳዳ ወርቄስ? ጋሽ ብዙነህስ?

ዓመቱ ሊሞላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ሰኔ ውስጥ፣ እንደ ልማዷ ተነስታ ጫማዋን አጠለቀች። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። በሩን ከፈተች።

ግቢው ሰው ሞልቶታል። ጓድ ገሠሠ አስፈቅዶላቸው ሰዓት እላፊው ሳያበቃ ነው የመጡት። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ሁሉም ዝም ብለው ቆመዋል። ከሽማግሌዎቹም ፊት፣ የሰው ጋቢ ተከናንቦ፣ ገመዳ ቆሟል።

ጉዲቱ ጮኸች። ጩኸቱ የእውነት ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ነቃ። «ልቧ ነግሯት ነበር!» አሉ ሴቶቹ፣ ዘለው ግራና ቀኝ ያዟት። አዳዳ ወርቄ ከውስጥ ወጡና ገመዳን አይተው በሩ ላይ ተደግፈው ቀሩ።

አቶ ተክለሃይማኖት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ጉዲቱ፣ ሰው ነሽ፣ ቻይው። ከእኛ አፍ ከምትሰሚው ከወንድምሽ አፍ ብትሰሚው ይሻላል ብለን ነው። በል ኢተፋ፣ ንገራት።»

ኢተፋ? ጉዲቱ ኢተፋ የሚባል ወንድም የላትም። ገመዳ ሌላ ስም እንደሰጣቸው ገባት፤ ለምን እንደሰጣቸው ግን አልገባትም። ፊቱን አየችው። አሥራ አራት ዓመት ከአንድ ጣራ ሥር ኖራ ይህን ፊት አይታው አታውቅም። «እኔ ነኝ ገመዳ፣ አልሞትኩም» ቢል በቃ። ጓድ ገሠሠ ሽጉጡን እንደታጠቀ እዚያው ቆሟል። ያ ሁሉ ሰባት፣ ያ ሁሉ «ሀ»፣ የቶይባ ሁለተኛዋ መኪና፣ ሁሉም በአንዲት ቃል ሊያልቅ ነው።

«ጉዲ» አላት። እንደገና ጀመረ። «ጉዲ፣ ገመዳ የለም።»

ሴቶቹ ዋይ አሉ። እሱ ግን አልጨረሰም፤ እጁን አነሳ።

«ምግብ ቤቱም ተዘግቷል። ምድጃው ፈርሷል። እዚያ የሚጠብቅሽ ምንም ሥራ የለም። ሐዘኑን እዚሁ አድርጊው፤ እነዚህም ደጋግ ሰዎች እስከዚያ ድረስ አይንከራተቱ።»

ጉዲቱ አለቀሰች። ምን ያህል እንዳለቀሰች ሰፈሩ እስከዛሬ ያወራዋል። ማስመሰል አልነበረም። እንደ ሐዘንተኛ ወግ ሟቹን እየጠራች፣ ደረቷን እየመታች «ወንድሜ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ተቀመጪ ብትለኝ! ምነው አንድ ቀን እንኳ ደከመሽ ወይ ብትለኝ!» አለች። ሰዎቹ ግራ ገባቸው፤ ያ ደግ ገመዳ እንዲያ ያለ ሰው አልነበረም። ሐዘን ያናገራት ነው ብለው አለፉት። ገመዳ ግን በቆመበት አንገቱን ደፋ። ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንዴት እንደመጣ ያወቀችው ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ነው። ገመዳ ጥብሱ ከተበላሸበት፣ ሾፌሮቹም ማዶ ካለው ቤት መቆም ከጀመሩ ቆይቷል። እኅቱን ሊመልስ ተናድዶ ተነሳ። ይለፍ ማውጣት አያውቅበትም፤ ሾፌር ሁሉ ወዳጁ ስለሆነ በየኬላው እንደ ረዳት ሆኖ ያልፋል። ናዝሬት በሽንኩርት መኪና ገባና የአክስቱ ቤት መንገድ ጠፍቶት ስኳር የተሰለፉትን ሴቶች «የጉዲቱ ቤት የት ነው? ወንድሟ ነኝ» አላቸው። ሰልፉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። አንዷ እጁን ይዛ ዓይኗ እንባ ሞልቶ «ጽና ወንድሜ» አለችው። እሱም በምን እንደሚጸና ሳያውቅ አቶ ተክለሃይማኖት ቤት ተወሰደ። እዚያ ጓድ ገሠሠ ይለፉን ጠየቀው፤ የለም። ስሙን ከመጠየቁ በፊት ግን ሽማግሌው የሟቹን ደግነት ያወሩለት ጀመር፤ ውሃ አሙቆ ማሸቱን፣ ከምድጃ ማስነሳቱን፣ «ለራስሽ ኑሪ» ማለቱን። እኅቱ የነገረቻቸውን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት። ሲጨርሱ «ስምህ ማነው?» ተባለ። ይለፍ የሌለው ሰው ፊት ለፊቱ ሽጉጥ አለ፤ የሞተው ገመዳ ደግሞ ከሱ የተሻለ ሰው ነው። «ኢተፋ እባላለሁ» አለ። «ታናሹ ነኝ።»

ታናሽ መሆን ምን እንደሚያስከትል ግን አላሰበበትም። በለቅሶ ቤት ታናሽ ወንድም አይቀመጥም። «ኢተፋ፣ አግዳሚ አምጣ!» «ኢተፋ፣ ለጋሽ ብዙነህ እጅ አስታጥብ!» «ኢተፋ፣ ድንኳኑ ውሃ ቋጥሯል፣ በዱላ ግፋው!» ፀጉሩ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ ሰዉ «አይ ሐዘን፣ ባንድ ጊዜ አስረጀው» ይላል። ጉዲቱ ፍራሽ ላይ ሆና ሲሯሯጥ ታየዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ «ጋሼ» ስትለው ኖራ፣ በሁለተኛው ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ ኢተፋ፣ ውሃ!» አለችው። አመጣላት። ጋሽ ብዙነህ ሳቃቸውን ንፍሮ ጎርሰው ዋጡት።

በሦስተኛው ቀን ሰው ቀለል ሲል የፕላስቲክ ማስታጠቢያውን እንደያዘ አጠገቧ ቆመ።

«ያ የነገርሻቸው ሰውዬ» አላት በኦሮምኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከየት አመጣሽው?»

«ከራሴ።»

«እኔን ይመስላል?»

«ትንሽ ስሙ ይመሳሰላል።»

በርጩማ ስቦ አስጠጋላትና «ፍራሹ ጉልበትሽን ይጎዳዋል፣ እዚህ ተቀመጪ» አላት። ጉዲቱ ተነስታ ተቀመጠች። አቶ ተክለሃይማኖት ከማዶ እያዩ «ይህም እንደ ወንድሙ ነው፣ ዘራቸው ነው» አሉ።

ገመዳ በሦስተኛው ቀን ሊሄድ ነበር። ጓድ ገሠሠ ግን በዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ ይለፍ የሌለውን ሐዘንተኛ ኢተፋን እስከ ሰባተኛው ቀን የሚያቆይ ጊዜያዊ ፈቃድ ይዞ መጣ። ሰባተኛው ሲያልፍ ሳይጠየቅ እስከ አሥራ ሁለተኛው አራዘመው። «ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ፣ አንተ አትቸገር» አለው። ምግብ ቤቱ ሻሸመኔ ተዘግቶ፣ ባለቤቱ ናዝሬት በራሱ ለቅሶ አግዳሚ ሲሸከም አሥራ ሁለት ቀን ሞላው። ለጉዲቱማ እስከ አርባ ተፈቀደላት፤ ሐዘንተኛ ከሐዘኑ ቤት አይነቃነቅም ተባለ። ዓመቱ በዚያ መሃል ሞላ። ጓድ ገሠሠ መታወቂያዋን ራሱ ቤት ድረስ አመጣላት። ከጥቁር ልብሷ ጋር እንዲሄድ በጥቁር ክር አስሮታል።

ከዚያ በፊት ግን በአሥራ ሦስተኛው ቀን ገመዳን መኪና ተራ ሸኘችው። ወደ ሻሸመኔ የሚመለስ የሽንኩርት መኪና ተገኝቶለት ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቷል። ገመዳ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አድርጎ ቆየ፤ የመኪናውን በር በጥፍሩ ይፍቃል።

«ለገና ብመጣ» አላት በመጨረሻ፣ እሷን ሳያይ። «ብመጣ ታስገቢኛለሽ?»

ጉዲቱ ጥቁር ነጠላዋን አስተካከለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ላይ ግን ያ የተንኮል ፈገግታ አለ።

«ኢተፋ ይምጣ፣ ቤቱ ነው» አለችው። «ገመዳን ግን ቀብረነዋል።»